የምዕራቡ ጉድጓድ በረዶ

ባሌን ሰፈሩም መሥሪያ ቤቱም የሚያውቀው ጋሽ በረዶ እያለ ነው። የምንኖርበት ከተማ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እሱም በዕድሜው ሙሉ በረዶ ያየው ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ ነው። ግን ሰው ባገኘ ቁጥር፣ ታክሲ ውስጥ ይሁን ለቅሶ ቤት፣ «ይኼ የቆማችሁበት መሬት እኮ ድሮ የበረዶ ግግር የተኛበት ነው» ብሎ ይጀምራል። የአጎቴ ቀብር ዕለት መቃብሩ ሲቆፈር አንገቱን አስግጎ የአፈሩን መልክ ሲያጠና ያዝኩት። «አንተ ሰው፣ ለዛሬ እንኳ ሬሳው ይቅደም!» ብዬ ክርኑን ጎተትኩት። እስከ ማታ አኮረፈኝ።

ሥራው ድንጋይ ቆራጭነት ነበር። መሥሪያ ቤቱ መሬት ያስጠናል፤ ቆፋሪዎች በማሽን መሬቱን ይበሱና ከሆዱ ክብና ረጅም ድንጋይ እየመዘዙ ያወጣሉ። ውፍረቱ የሰው ክንድ ያህላል፤ ኮር ይሉታል። ኮሩ ሳጥን ውስጥ እንደ መጽሐፍ ይደረደራል። ከግራ ወደ ቀኝ ይሄድና ረድፉ ሲያልቅ እንደገና ከግራ ይጀመራል። በየረድፉ፣ ከስንት ሜትር ጥልቀት እንደወጣ የተጻፈባት ቁራጭ እንጨት ትገባለች። የባሌ ድርሻ ያንን ኮር በመጋዝ ማሽን ቁመቱን ይዞ ለሁለት መሰንጠቅ ነው፤ ግማሹ ለተመራማሪ፣ ግማሹ ለመጋዘን።

ማሽኑ ውሃ እየፈሰሰበት ነው መቁረጥ ያለበት። ውሃው ደግሞ አንድ ቀን ቢመጣ ሦስት ቀን ይቀራል። ያለ ውሃ ሲቆረጥ ድንጋዩ እንደ ዱቄት ይቦናል፤ ባሌ ማታ ሲገባ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነበር። «ወፍጮ ቤት ተቀጠርክ እንዴ?» እለዋለሁ። አፍንጫህን ሸፍን ስለው መነጽሬን ላብ ይጋርደዋል ይላል፤ ውሃ እስኪመጣ ጠብቅ ስለው ሰዎቹ ቸኩለዋል ይላል። ለእሱ መምከር ከድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው። ስንቱን ዓመት አፈሰስኩ መሰላችሁ።

የበረዶውን ነገር ያመጣችብን ዶክተሯ ናት። የሰው ሐኪም አይደለችም፤ የድንጋይ ናት። ገና ጎልማሶች ሳለን መጣችና ከከተማው ውጭ ሁለት ጉድጓድ አስቆፈረች፤ አንዱን ከአንድ የጥንት የመሬት ስንጥቅ በስተምሥራቅ፣ ሌላውን በስተምዕራብ። ከሁለቱም በረዶ ገፍቶ ያመጣው የጭቃና የጠጠር ንብርብር ወጣ። የምሥራቁ ቁመቱ አንድ ክፍል ቤት ቢያህል ነው፤ የምዕራቡ ግን ፎቅ በፎቅ ላይ ነበር። የዚያን ዕለት ባሌ ቤት የገባው እየሮጠ ነው። እኔ ለዳቦ ሊጥ እያሸሁ ነበር።

«ስጪኝ እስቲ!» ብሎ ሊጡን ከእጄ ነጠቀኝ።

ሁለት ጎድጓዳ ሳህን ደፍቶ በላያቸው ዘረጋውና ግራና ቀኝ ሳብ አደረገው። መሃሉ ሳሳ፣ ወደ ታችም ረገበ። ከዚያ ወንፊቱን አንሥቶ ዱቄት ነፋበት። ደግሞ ሳበ፣ ደግሞ ነፋ። ከዳርና ከዳር ያለውን ዱቄት በእጁ ወደ መሃል ጠረግ ጠረግ ሲያደርገው በረገበው ውስጥ ተከማቸ።

«አህጉር ሲቀደድ እንዲህ ነው» አለኝ። «ሊጡ መሬቱ ነው፣ ዱቄቱ በረዶው ያመጣው ጭቃ። መሬቱ የሰመጠው በረዶው ካለፈ በኋላ ቢሆን ኖሮ ዱቄቱ እዚህም እዚያም እኩል በሆነ ነበር። እዚህ የወፈረው እዚያ የሳሳው፣ በረዶው ጭቃውን እያወረደ ሳለ መሬቱም እየተቀደደ ስለሰመጠ ነው። አንድ ላይ! በአንድ ዘመን! ገባሽ?»

«የገባኝ ዛሬ እራት እንደሌለ ነው» አልኩት።

ሳቀ። ሳንባው ደኅና በነበረበት ጊዜ ሲስቅ ጎረቤት ይሰማ ነበር።

ነገሩ ግን ገና አላለቀም ነበር። ሌሎች ምሁራን ዶክተሯን አላመኗትም። «በረዶ የሚባል አልነበረም፤ ስምጡ ሲከፈት ገደሉ ተንዶ የሞላው ፍርስራሽ ነው» አሏት። ፍርስራሽ ቢሆን የሁለቱ ጉድጓድ ንብርብር አይገጥምም፤ ስለዚህ ድርብ በድርብ ማመሳከር ነበረባት፤ ይህች የምሥራቅ ስስ ድርብ ምዕራብ ሄዳ ይህችኛዋ ወፍራም ናት፣ ቀጣይዋም እንዲሁ እያለች፣ ከታች እስከ ላይ። የምሥራቁን ሠርታ ጨረሰች፤ የምዕራቡን ጀምራ፣ የራሷንም ግማሽ እዚያው መጋዘን ትታ የምትሄድበት ቀን ደረሰ። «ወንድሜ፣ ምዕራቡን አደራ። እመለሳለሁ» አለችው። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እሺ አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀም።

ዶክተሯ አልመጣችም። አንድ ጊዜ መንገድ ተዘጋ ተባለ፣ አንድ ጊዜ እናቷ ታመሙባት፣ አንድ ጊዜ ሌላ ሥራ ያዛት። በየዓመቱ ትደውላለች፤ በየዓመቱ ባሌ ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ይበራል። «በሚመጣው ዓመት ነው» ይለኛል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እለዋለሁ። ይቆጣል። የምዕራቡን ሳጥኖች ከምስጥ የሚያስጥለው እሱ፣ ጣራው ሲያፈስ ላስቲክ የሚያለብሳቸው እሱ። ልጆቻችንን እንዲያ ሸፍኗቸው አያውቅም፤ ማታ ብርድ ልብስ የማለብሳቸው እኔ ነበርኩ።

ሳል ጀመረው። መጀመሪያ ጉንፋን አልነው፣ ቀጥሎ የወቅት ነው አልነው። የፈሩት ይደርሳል። ሐኪሙ ፎቶውን መብራት ላይ ሰቅሎ አሳየን፤ ሳንባው ላይ ነጫጭ ጠብታ ተበትኗል። «የድንጋይ ብናኝ ነው። የገባው አይወጣም። ከአሁን ወዲያ አቧራ ያለበት ቦታ እንዳትደርስ» አለው። ባሌ ፎቶውን ትኩር ብሎ አየና «ምናልባት ከመሃላቸው የበረዶው ዘመን ብናኝ ይኖር ይሆን?» አለ። ሐኪሙ የቀለደ አልመሰለውም። እኔ ግን አውቃለሁ፤ ሲፈራ ይቀልዳል። እዚያው ሆስፒታል አስተኙት።

እሱ እዚያ ተኝቶ ሳለ ነው ጉዱ የተፈጠረው። መሥሪያ ቤቱ ምስጥ የበላቸውን የእንጨት ሳጥኖች በፕላስቲክ ለመቀየር ቆርጦ ተነሣ። የምሥራቁን ባሌ ቀደም ብሎ በእጁ ቀይሮት ነበር፤ የቀረው ምዕራቡ ነው። የቀን ሠራተኞች አመጡ፤ ትጉ የገበሬ ልጆች። ማንም ምንም አልነገራቸውም። ታዲያ እነሱ ምን ያድርጉ? ኮሩን የደረደሩት በሬ እንደሚያርስ ነው። አንዱን ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ ይዘው ይሄዳሉ፤ ዳር ሲደርሱ እዚያው ዞረው ቀጣዩን ከቀኝ ወደ ግራ ይመለሳሉ። እርሻ የሚያውቅ ሰው ባዶ እጁን ወደ መነሻው አይመለስማ!

ሁሉም እንዲያ ቢያደርጉ ደግ ነበር፤ አንድ ረድፍ እየዘለሉ ማዞር ነው። ነገር ግን አንዳንዱ ቆፋሪ ሆኖ ያውቅ ኖሮ እንደ መጽሐፍ ደርድሯል፣ አንዳንዱ እንደ እርሻ፤ አንዱ ጀምሮ ምሳ ሲወጣ ሌላው ጨርሶለታል። ጥልቀት የተጻፈባቸውን ቁርጥራጭ እንጨቶች ደግሞ ምስጥ የበላ እንጨት ነው ብለው ከሳጥኖቹ ጋር ሰብስበው ሻይ አፍልተውባቸዋል። ሳጥኑ ቁጥሩ አለ፤ ውስጡ ያለው ድንጋይ ግን የትኛው ራሱ፣ የትኛው እግሩ እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

ባሌ ከሆስፒታል ወጥቶ ያንን ሲያይ አልጮኸም። መጋዘኑ መሃል አንድ በርሜል ላይ ቁጭ አለ። እኔ ግን ጮህኩ፤ ኃላፊውን፣ ዘበኛውን፣ ያገኘሁትን ሁሉ ተሳደብኩ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። ከዚያ «እትዬ፣ ሌላም ነገር አለ» አለኝ። መጋዘኑ ለመኪና ጥገና ተፈልጓል። ዶክተሯ በመጨረሻ መምጣቷ እርግጥ ሆኗል፤ መጥታ ይጠቅመኛል ያለችው ይቀራል፣ የማይጠቅመው ይጣላል። ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ነው፤ እሱ የሚያደርገው የለም።

ባሌ ከበርሜሉ ተነሣ። «ሳትመጣ አስተካክለዋለሁ» አለ።

«በየትኛው ሳንባህ?» አልኩት።

«በአንቺ» አለኝ።

ምን ላድርግ? አፍንጫውን በእርጥብ ጨርቅ አስሬ ወንበር ላይ አስቀመጥኩትና ድንጋይ አንሺዋ እኔ ሆንኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ ድንጋይ የማውቀው በር ሲያስይዙበት ነው። እሱ ግን አስተማረኝ። በረዶ ባሕር ላይ ይንሳፈፋል፤ ሲቀልጥ በሆዱ የያዘው ጠጠር ይወድቅና ከሥር ያለውን ለስላሳ ጭቃ ይጎደጉደዋል። በኋላ የመጣው ጭቃ ደግሞ ከላዩ እንደ ብርድ ልብስ ያለብሰዋል። ስለዚህ ጠጠር ያለበት ረድፍ ራሱና እግሩ ይታወቃል፤ የተጎደጎደው ወገን ታች ነው። የመጀመሪያዋን በራሴ ዐይን ሳገኝ፣ የዕንቁላል ያህል ጠጠር ጭቃው ውስጥ ቂጧን አስጠልቃ ቁጭ ብላ፣ «ይኸው! ወደቀች!» ብዬ ጮህኩ፤ አሁን የወደቀች ይመስል። እሱም አጨበጨበ፣ አጨብጭቦም ሳል ያዘው፣ ስሎም ደም ተፋ። ጨርቁን ከእኔ ሊደብቅ ኪሱ ከተተው። አይቻለሁ። አላየሁም አልኩ።

ጠጠር ያለባቸው ረድፎች ግን ጥቂት ሆኑ። አብዛኛው ረድፍ ድርብ ብቻ ነው፤ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ጥቁር፣ ግራጫ፣ ከየትኛውም ወገን ቢያዩት አንድ። ባሌ ሁለት ቀን ተጨነቀ። በሦስተኛው ቀን «የምሥራቁን ሳጥኖች አምጪና አጠገቡ ዘርጊ» አለኝ። ዘረጋሁ። የምሥራቁን እያየ የምዕራቡን ያስዞረኝ ጀመር። ቀይዋ ድርብ እዚያ ከግራጫው በላይ ናት፤ እዚህ ከሥሩ ከሆነች ረድፉ ተገልብጧል ማለት ነው። አዙሪ። ይቺ ትክክል ናት፣ ተያት። ያቺን አዙሪ። እንዲህ እያልን ስንት ሳምንት እንደሠራን እንጃ። ወገቤ ተቆረጠ፣ ጥፍሬ አለቀ። ግን ልንገራችሁ፣ በሕይወታችን እንደዚያን ጊዜ ተዋደን አናውቅም። ምሳችንን እዚያው ሳጥኑ ላይ እንበላለን። የመጨረሻውን ረድፍ ስናዞር ሁለቱ ጉድጓዶች ጎን ለጎን ተኙ፤ ድርብ ለድርብ፣ ቀለም ለቀለም፣ ምሥራቁ ስስ፣ ምዕራቡ ወፍራም። ለእኔ እንኳ፣ እራት ከማብሰል በቀር ለማላውቀው፣ ታየኝ። መሬት እየተቀደደ በረዶ ሲወርድበት ታየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ጎሽ የኔ ጌታ» አልኩት።

ዶክተሯ መጣች። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ትንሽ ታነክሳለች። ባሌን አቀፈችው፤ ክሳቱን በእጇ ስትዳስስ ጊዜ ፊቷ ተለወጠ፣ ቶሎ ግን መለሰችው። ከዚያ በሳጥኖቹ መሃል ተራመደች። እኛ በር ላይ እንደ ሙሽራ ቤተሰብ ቆመናል። አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ዐይኗ እንባ አቅርሯል።

«ሙሉ በሙሉ ይመሳከራል» አለች። «እንዴት አደረጋችሁት?»

ባሌ ነገራት። የቀን ሠራተኞቹን፣ የእንጨቶቹን መቃጠል፣ ጠጠሮቹን፣ ሁሉንም። ትንፋሽ ሲያጥረው እኔ ቀጠልኩለት። ስናወራ ሳለን ደስታው ከፊቷ ቀስ እያለ ሲሄድ አየሁ፤ እሱ አላየም።

«ጠጠር የሌለባቸውን በምን ለያችኋቸው?» አለችው።

«ምሥራቁን እያየሁ» አላት ባሌ በኩራት። «ከምሥራቁ ጋር እስኪገጥም አዞርኩት።»

«የዞሩት የትኞቹ ናቸው? ምልክት አድርገህባቸዋል?»

«ትክክል ከሆነ በኋላ ምልክት ምን ይሠራል?»

ዶክተሯ ያንን በርሜል ስባ ተቀመጠች። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ ነገረችው። «የምፈልገው ሁለቱ ይስማሙ አይስማሙ እንደሆነ ለማወቅ ነበር፤ አንተ ግን እንዲስማሙ አድርገህ አስቀመጥካቸው። አሁን መስማማታቸው የበረዶው ይሁን ያንተ፣ ማንም መለየት አይችልም። ይህን ይዤ ብሄድ ጠላቶቼ ይስቁብኛል፣ ልክም ናቸው። ጠጠር ያለባቸው ብቻቸውን አይበቁኝም።»

እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ ነገሩ ግን ገብቶኛል። ሁለት ምስክር ተጠርቶ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አፍ እያየ ከመሰከረ ዳኛው ምን ያደርጋል? ገባኝ፤ ግን ሆዴ አልቻለም።

«ዶክተር» አልኳት፣ «እርስዎ አደራ ብለውት ሄዱ። በሚመጣው ዓመት፣ በሚመጣው ዓመት ሲሉት ኖሩ። ይኼ ሰውዬ ያቺን ድንጋይ ሲቆርጥልዎ ሳንባውን ቆረጠ፤ ሲያዞርልዎ ደም ተፋ። በጊዜው ቢመጡ ኖሮ ይኼ ሁሉ ይመጣ ነበር?»

«አይመጣም ነበር» አለች። «ልክ ነሽ እህቴ።» ከዚያ አለቀሰች። ብትመልስልኝ፣ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ የምጣላው ሰው አሳጣችኝ።

ባሌ ሁለታችንንም አልሰማንም። አንድ ሳጥን ላይ ጎንበስ ብሎ ረድፉን ያነሣል፣ ያዞረዋል፣ ተመልሶ ያስቀምጠዋል። «ይቺ ዞራ ነበር ወይስ አልዞረችም?» አለኝ። አላስታውስም። ሌላዋን አነሣ። እሷንም አላስታውስም። ያን ሁሉ ሳምንት አዙሪ ሲለኝ አዙሬ፣ ተያት ሲለኝ ትቼ፣ አንዲቷንም አላስታውስም። እጁን ይዤ ከመጋዘኑ አወጣሁት።

መኪናው የመጣው ዶክተሯ በሄደች ማግስት ነው። ድንጋዩ ከከተማው ጫፍ ለሚሠራው አዲስ መንገድ መሙያ ነው ተባለ። ኃላፊው የምሥራቁንም አስጫነው፤ ምዕራቡ ከሌለ ምሥራቁ ብቻውን ምን ሊረባ። ባል ሞቶ ሚስት ስትከተል መሰለኝ። ሠራተኞቹ ሳጥኖቹን ለሌላ ሥራ ይፈልጓቸው ነበርና ኮሩን እየገለበጡ መኪናው ላይ ያፈሱታል፤ ሲፈስ ድምፁ ጆሮ ይበጣል። ባሌ እንዲሄድ አልፈለግኩም፤ እንቢ ብሎ ሄደ። በር ላይ ቆሞ ነጩ ብናኝ ሲቦን እያየ፣ አፍንጫውን እንኳ አልሸፈነም። «ሸፍን» ልለው አልኩና ተውኩት።

ከዚያ ወዲህ ስለ በረዶ አንሥቶ አያውቅም። ጎረቤቶች ሊያጫውቱት «ጋሽ በረዶ፣ እስቲ ያንን ታሪክ አውጋን» ይሉታል፤ ፈገግ ብሎ ወደ ግድግዳው ይዞራል። ስሙን ብቻ ይዞ ቀረ። አልጋው ሥር የኦክስጅን ጠርሙስ ገባ፤ ልጆቹ በየተራ እየመጡ ያስሞሉለታል። እኔ ቀኑን ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስለ ዋጋ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለማይረባው ሁሉ እለፈልፋለሁ። ቤቱ ጸጥ ካለ ትንፋሹ ይሰማኛል፤ እሱን መስማት አልችልም።

ሊሞት ሰሞን አንድ ጠዋት ጎተት አደረገኝ። ለመናገር ትንፋሽ ማጠራቀም ነበረበት፤ ጠበቅኩት። የጀርባ ህመሙን ሊነግረኝ ነው፣ ወይ ውሃ ፈልጎ ነው ብዬ ብርጭቆውን አነሣሁ።

«ያዞርናቸው...» አለ። አረፈ። «ትክክል ነበሩ?»

አዎ ማለት ምን ይከብዳል? አንዲት ቃል ናት። አፌን ከፍቼም ነበር። ግን ዐይን ዐይኔን ያየኛል፤ ማጽናኛ አይደለም የፈለገው፣ መልሱን ነው የፈለገው። መልሱ ደግሞ እኔ ዘንድ የለም፣ ዶክተሯ ዘንድ የለም፤ የሚያውቁት ድንጋዮች አስፋልት ሥር ተደበላልቀው መኪና ይነዳባቸዋል።

«እኔ እንጃ፣ የኔ ጌታ» አልኩት።

ራሱን በቀስታ ነቀነቀ። «እኔም» አለኝ። ውሃውን አልፈለገም።